ሳይሻገሩ መለካት

አባቴን የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ላለማስተማር ምያለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ድሬና መልካ ጀብዱ መሃል አይሱዙ ሲነዳ ኖሮ ተሳቢ መንዳት አማረው። ለተሳቢው መንጃ ፈቃድ የስምንተኛ ክፍል ውጤት ተጠየቀ። አንዴ ከወደቀ ዳግመኛ እንደማይሞክር አውቃለሁ፤ ኩሩ ነው።

መጀመሪያ የተጣላው ከኤክስ ጋር ነው።

«ትናንት አምስት ነው አላልሽም?»

«እሱ የትናንቱ ጥያቄ ነው፣ አባ። ዛሬ ሦስት ነው።»

«አቦ! ቃሉን ከማይጠብቅ ጋር አልሠራም!»

ከወንዙ ማዶ፣ ከመጋላ ሰፈር እየመጣ አብሮት የሚቅም ባለሱቅ ጓደኛው ጫቱን እየቀነጠሰ፣ «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ እኔም አላስተናግድም» አለ። ለኤክስ ጠበቃ ሆኜ ብቻዬን ቀረሁ።

የባሰው ጂኦሜትሪ ላይ ስንደርስ ነው። መጽሐፉ አንድ ሰው ወንዝ ሳይሻገር ስፋቱን በሦስት ማዕዘን እንዲለካ ያዛል። ሁለቱም መርቅነው ነበርና በሳቅ ፈነዱ። ለምን አይሻገርም? እግሩን ምን ነካው? ለእነሱ ወንዝ ማለት ድሬን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ ነው፤ ደቻቱ ደግሞ ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ነው። ላስረዳ አፌን ሳልከፍት የጭነት ገመድ ይዘው ወጡ።

አንዱን ጫፍ እኔ በዚህኛው ዳር ያዝኩ። እነሱ ሌላውን ይዘው በአሸዋው ላይ ወደ መጋላ በኩል ተሻገሩና ወንዙ የቱ ጋ እንደሚያልቅ መስማማት አቃታቸው። አባቴ ግንቡ ጋ ይላል፤ ባለሱቁ ፍየሎች የተኙበት ጋ። ጭቅጭቃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። በዚያ ፀሐይ ገመድ ይዤ ቆሜ ሁለቱንም ረገምኳቸው።

ድንገት ከላይ «መጣ! መጣ!» ተባለ። ድሬ ላይ ጠብታ የለም፤ የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ገመዱን ጥለን እኔ በእኔ በኩል፣ እነሱና ፍየሎቹ በእነሱ በኩል ወደ ላይ ሮጥን። ጎርፉ ገመዱን ይዞት ሄደ። አባቴን ለአፍታ ሳጣው ማዶውን በዓይኔ አሰስኩ። ከዚያ ስልኬ ጠራ።

«ገባኝ!» ይላል እየጮኸ። «ሰውዬው ለምን እንዳልተሻገረ ገባኝ! እንዳትንቀሳቀሺ፣ ነጥቧ አንቺ ነሽ!»

ከፊት ለፊቴ ተነስቶ ዳር ዳሩን በእርምጃ እየቆጠረ ሄደና ባለሱቁን እንደ ችካል ተከለው። ያንኑ ያህል ጨምሮ ሄደ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ፣ ባለሱቁ እኔን ከዓይኑ እስኪጋርደኝ ድረስ፣ ከወንዙ በቀጥታ የኋሊት ራቀ። ያ የኋሊት እርምጃው ልክ የወንዙን ስፋት ያህላል። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ዣንጥላዋን ገጭቶባት ስትሰድበው በስልኩ ሰማሁ። እሱ ግን ቆጠራውን አላቋረጠም። እኔ ነጥቧ ሳልነቃነቅ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ፈተናውን እንደሚያልፍ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ አለፈም።

«ስንት መጣ፣ አባ?»

«ቆይ» አለኝ እያለከለከ። «ውሃው ይጉደልና ተሻግሬ ላረጋግጥ።»