ታይፑ ደብረ ማርቆስ የቆየበት ክረምት

ዳንግላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከእኔ በፊት ደብዳቤውን ሁሉ በእጃቸው የሚጽፉት አንድ አዛውንት መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው የሚጨርሱትን እኔ በካርቦን ሦስት ሦስት ቅጂ እያወጣሁ ከረፋዱ በፊት እጨርሰው ነበር። አለቃችን በዚህ በጣም ስለተደሰቱ፣ ከእንግዲህ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ማኅተም እንዳይመታበት አዘዙ። መሪጌታም መዝገብ ቤት ገቡ።

በሁለተኛው ክረምት ታይፑ ተሰበረና ለጥገና በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ተላከ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ቶሎ አልተመለሰም።

በዚያው ሰሞን ከቆሰበር ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት ሴት መጣች። ባሏ በድንበር ጠብ ተከሶ ታስሮ ነበር፤ ዳኛው ግን በነጻ ለቆታል። የቀረው ከእኛ ቢሮ ለወህኒ ቤቱ የሚጻፍ «ይፈታ» የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው። አማርኛ እምብዛም ስለማትችል፣ በአገውኛ የምትለውን መሪጌታ ይነግሩን ነበር።

«ወህኒ ቤቱ ውስጥ ትኩሳት ገብቷል ትላለች» አሉ መሪጌታ ለአለቃው። «ይፍቀዱልኝና እኔ ልጻፈው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም።»

«ለአንዱ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው። ታይፑ እስኪመጣ ትጠብቅ።»

ስንወጣ መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺን ይሰሙሻል። እስቲ ግቢና አንድ ቃል ተናገሪላት።»

አልገባሁም። አለቃውን መፍራቴ እውነት ነው። ግን ያለ እኔና ያለ ታይፔ የቢሮው ሥራ መቆሙ ደስ ይለኝም ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ሴትዮዋ በየጠዋቱ እየመጣች በራፉ ላይ ትቆማለች። በዝናቡ የተነሳ ቀሚሷ ደርቆ አያውቅም። ወንበር እንኳ አላቀረብኩላትም።

በአራተኛው ሳምንት ታይፑ መጣ። ከሁሉ አስቀድሜ የእሷን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አምስት መስመር ነበር። አለቃው ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታበት፣ መሪጌታም ራሳቸው ይዘውት ወደ ወህኒ ቤቱ ገሠገሡ።

ሲመለሱ ደብዳቤው አሁንም በእጃቸው ነበር። «ትናንት አርፏል» አሉኝ በዝግታ። ከዚያ ወጥተው ለሴትዮዋ በቋንቋዋ ነገሯት። ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

አለቃው ደብዳቤውን አይተው «ፋይል አድርጊው» አሉኝና ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። አደረግኩት። የወር ሥራ ተከማችቶ ስለነበር ለቅሶዋን በመስኮቱ እየሰማሁ ስጽፍ ዋልኩ። የዚያን ቀን ያህል ብዙ ደብዳቤ አውጥቼ አላውቅም፤ አለቃውም አመሰገኑኝ።