ሩጫ ያስተማረው ማስተር

የሰው ግንባር ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ቡታጅራ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አሥራ አራት ዓመት ሰፍቼዋለሁ። ቴስታ የመታው ልጅ ግንባሩን ይዞ ይመጣል፣ የተመታው ደግሞ አፍንጫውን ይዞ ከኋላው ይደርሳል፤ ሁለቱም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በቡጢ የሰው ጥርስ የመታ ጀግናም አለ። እሱ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን እጁ እንደ ዳቦ አብጦ ነው። የሰው ጥርስ ቆዳ ከበሳ መርዝ ነው ብዬ ስቆጣው "ሲስተር፣ እሱን ብታዪው!" ብሎ ይስቃል። እሱንማ አይቼዋለሁ፤ ትናንትና መጥቶ ከንፈሩን ሁለት ቦታ ሰፍቼለት ሄዷል።

ስሜ ፀዳለ ነው፤ አገሬ ወሎ ሲሆን ሥራ አምጥቶኝ እዚሁ ቀረሁ። ከምሠራበት ክሊኒክ ጀርባ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል "ሃና፣ ዱል፣ ሴት" እያለ በኮሪያኛ የሚቆጥር ድምፅ ይሰማል። ያ ሸረፋ ነው። ቀን በርና መስኮት ይበይዳል፣ ከሥራ በኋላ ቴኳንዶ ያሠለጥናል። የምነግራችሁ የእሱን ነገር ነው፤ ስነግራችሁ ብበሳጭ አትፍረዱብኝ።

ሸረፋ አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ከብየዳው ብዛት ዓይኑ የቀላ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያስተምረው ምት አይደለም። ልጆቹን በመስመር ያቆምና "ቢላ የያዘ ሰው መጣባችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላቸዋል። አንዱ ዘሎ እግሩን ሰማይ ይሰቅላል፤ ስልኩ ላይ ያየው ሰውዬ እንዲያ ነዋ የሚያደርገው! ያኔ ሸረፋ ለአንደኛው ልጅ ቀይ ማርከር ይሰጠዋል። "ይሄ ቢላ ነው። በል ውጋው። አንተ ደግሞ በእግርህ አስጥለው።" ደቂቃ ሳይሞላ የዚያ የካራቲስታ ነጭ ልብስ ሆዱም፣ ክንዱም፣ አንገቱም ቀይ በቀይ ይሆናል። "ይህ ሁሉ ሲስተር ፀዳለ የምትሰፋው ነው" ይላል ሸረፋ። "ይሄኛውን ደግሞ ብትሰፋውም አትድንም። ስለዚህ ምን እናደርጋለን?" ከዚያ ወደ ጎዳናው አውጥቶ ያስሮጣቸዋል። ዝም ብሎ ሩጫም አይደለም፤ ሰውዬው የያዘውን ነገር እየተናገራችሁ ጩኹ፣ ወደ ሰው፣ ወደ ሰፊ መንገድ ሩጡ ይላል።

ወላጅ ግን ለዚህ ብሎ ልጁን አያመጣም። ወላጅ የሚፈልገው ጣውላ ሲሰበር ማየት ነው። ሸረፋ ቢቸግረው በዓመት አንድ ጊዜ ጣውላ ያሰብራል፤ መጋዘኑ የሚሞላውም ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ፈቲሀ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ጣውላ ሰብራ ስትጨበጨብላት አጠገቤ ቆሞ "ጣውላ መልሶ አይማታም እኮ፣ ሲስተር" አለኝ። በጣም አዘንኩለት።

በእሱ ላይ የሚወራው ወሬ ደግሞ ሌላ ነው። በወጣትነቱ ወልቂጤ መናኸሪያ ውስጥ ሦስት ቀማኞችን ብቻውን ዘርሯል ይባላል፤ አምስት ናቸው የሚሉም አሉ። እውነቱን እሱ ራሱ ነግሮኛል። ሦስቱ ሲከቡት ቦርሳውን ወርውሮላቸው እግሬ አውጪኝ አለ፤ ወደ አገና የሚሄድ ሚኒባስ ሲንቀሳቀስ ደርሶበት ተንጠልጥሎ አመለጠ። ወሬው ቡታጅራ እስኪደርስ ግን ሯጩ ጀግና ሆነ። እዚህ ላይ እኔ ለሸረፋ አልፈርድለትም። ክለቡን የከፈተ ሰሞን ተማሪ ያመጣለት ያ ወሬ ስለነበር አንድ ዓመት ሙሉ ሲያወሩለት ዝም ብሎ ሰማ። ኋላ ሕሊናው ሲወቅሰው "ወላሂ ሮጬ ነው ያመለጥኩት" ቢላቸው "ማስተር ሲበዛ ትሑት ነው" አሉ። አሁንማ በማለ ቁጥር የሚዘረሩት ሰዎች ቁጥር ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደው ግን ገላጋይ ነው። በከተማችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሁለቱም ያዙኝ ልቀቁኝ ይላሉ፤ ዓይናቸው የሚፈልገው ጠላታቸውን ሳይሆን የሚይዛቸውን ሰው ነው። ድፍረታቸው ሁሉ በገላጋይ ላይ የተመሠረተ ነው። ገላጋይም አያሳፍራቸውም፣ ሮጦ ይደርሳል። የሚይዘው ማንን ነው? የራሱን ሰው! የማያውቀውን ከያዘ "ለምን ነካኸው" ተብሎ ሌላ ጠብ ይነሳላ። ስለዚህ ወንድም ወንድሙን፣ አባት ልጁን ጠፍሮ ይይዛል። የተያዘው እጁ ይታሰራል፣ ያልተያዘው የልቡን ያደርሳል። ከምሰፋቸው ሰዎች ግማሾቹ ሲመቱ በወዳጅ እጅ ተይዘው ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። ሸረፋ "የራስህን ሰው ከያዝክ ለጠላቱ ሰጠኸው ማለት ነው፤ መገላገል ከፈለግህ እየጎተትክ ይዘኸው ሂድ" እያለ ለፍልፏል። ውሃ ወቀጣ ነው የሆነበት።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ሸረፋ የሚሳሳለት ሙባሪክ ነበር። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፣ የበርበሬ ነጋዴው የአቶ ከማሉ ልጅ ነው። ልጁ ሥልጠና በጀመረ በሳምንቱ አቶ ከማሉ እየተንደረደሩ መጋዘኑ ድረስ መጡ። ጩኸታቸው እኔ ጋ ይሰማ ነበር።

"እኔ ልጄን የላክሁት ማንም እንዳይነካው ብዬ ነው! ሩጫ ከሆነማ ያንተ ማስተርነት ምን ሊረባኝ? አረቅጥ ወስጄ ዳገቱ ላይ እለቀዋለሁ!"

"አባባ ከማሉ፣ ማንም እንዳይነካው እኮ ነው የማስሮጠው።"

"ወንድ ልጅ አይሮጥም!" ብለው ሄዱ። ሙባሪክ ግን ቀረ። አባቱንም ሸረፋንም እኩል የሚወድ ልጅ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ፣ በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሙባሪክ ባጃጅ ተራው ላይ ዑመይር ከሚባል ሌላ ሾፌር ጋር ተጣላ። ምክንያቱ ተሳፋሪ ነው፤ ተራዬን ቀማኸኝ፣ አልቀማሁህም። አንገት ለአንገት ተያያዙ፣ ተላቀቁ። ከዚያ ዑመይር ከወንበሩ ሥር የጎማ መፍቻውን ብረት መዝዞ መጣ።

ብየዳ ቤቱ ከተራው ፊት ለፊት ስለሆነ ሸረፋ ሁሉንም አይቷል። ሙባሪክ ብረቱን አየና እጁን አወረደ። ከዚያ ዞሮ ሮጠ። "ብረት ይዟል! ብረት ይዟል!" እያለ፣ ወደ ሰፊው መንገድ፣ ልክ እንደተማረው። "ሲስተር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ ሰማኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ" ብሎኛል ሸረፋ።

ሙባሪክ አሥር እርምጃ እንኳ አልሄደም። አቶ ከማሉ ጩኸቱን ሰምተው ከሱቃቸው ወጡ። ያዩት ልጃቸው ጠብ ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ደረቱ ላይ ጠመጠሙበት። "ልጄ ተው! ስለ አላህ ብለህ ተው!" አንድ ጆንያ ተሸካሚም መጥቶ ወገቡን ያዘ። ሙባሪክ "አባ ልቀቀኝ! ልቀቀኝ!" ይላል። ልቀቁኝ የማይል ተጣይ መቼ አይተው ያውቃሉ? አጥብቀው ያዙት። ዑመይርን ማንም አልያዘውም፤ ዘመድ አልነበረውማ በአካባቢው። ሸረፋ መንገዱን አቋርጦ ሳይደርስ ብረቱ ሙባሪክ ግራ ዓይን ላይ አረፈ።

ይዘውት የመጡት እኔ ጋ ነው። ዓይኑን ከፍቼ ሳይ የእኔ ሥራ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ሸፍኜ፣ ማስታገሻ ሰጥቼ፣ በአስቸኳይ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፍኩለት። አቶ ከማሉ ልብሳቸው ደም እንደሆነ አጠገቤ ቆመው "ይዤው ነበር እኮ፣ ሲስተር! ወላሂ አጥብቄ ይዤው ነበር!" ይሉኛል። እንደ መልካም ሥራ ነው የሚነግሩኝ። መርፌውን በፊታቸው ብወረውር ደስ ባለኝ። ግን አባት ናቸው፣ እያለቀሱም ነበር። የሪፈሩን ወረቀት አስያዝኳቸው።

ዓይኑ አልተረፈም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙባሪክ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ሲመለስ ከተማው ወሬውን ጨርሶ ጠብቆታል፤ "የሸረፋ ተማሪ እኮ ነው፤ ባይዙት ኖሮ ዑመይርን በአንድ ምት ይጨርሰው ነበር!" በዚያው ሳምንት ሸረፋ ዘንድ አራት አዳዲስ ተማሪዎች ተመዘገቡ። ሸረፋ ይህን ሲነግረኝ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ ፈጠፈጠው። ብርጭቆ ሲሰብር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ነገሩ ወደ ሽምግልና ገባ። ሽማግሌዎቹ መለየት የነበረባቸው አንድ ነገር ነው። ሙባሪክ እየተጋጠመ ከተመታ ጠቡ የሁለት ሰው ነው፤ ይቅር ተባባሉ ተብሎ ያልቃል። እየሸሸ ከተመታ ግን ጥቃት ነው። የዑመይር ቤተሰብ ጥፋቱን ወስዶ የልጁን ሕክምናና መቋቋሚያ ይሸከማል፣ ዑመይርም ከባጃጅ ተራው ይነሳል። አንድ ዓይና ሆኖ ባጃጅ መንዳት ለማይችል ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሸረፋ ከቀኑ በፊት ሙባሪክን ክሊኒኬ ውስጥ፣ ፋሻውን እየቀየርኩለት፣ ለመነው። "እንደሆነው ተናገር። ሌላ ምንም አልፈልግም።" ሙባሪክ "እሺ፣ ማስተር" አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የተቀመጥነው የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ በሆኑት በሐጂ ሙሀመድአወል ሳሎን ውስጥ ነው፤ እኔን የጠሩኝ ስለ ቁስሉ እንድናገር ነበር። ዱዓ ከተደረገ በኋላ ተናገርኩ። ቀጥሎ ዑመይር አንገቱን ደፍቶ "ሊመታኝ መጣ፣ መታሁት" አለ። ይህን ይላል ብለን ጠብቀናል። ከዚያ ሸረፋ ተነሳ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ልጁ ሮጧል። በዓይኔ አይቻለሁ። እጁን አውርዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እየጮኸ ሮጧል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ባይያዝ ኖሮ ዛሬ ሁለት ዓይን ይኖረው ነበር።"

ከዚያ አቶ ከማሉ ፊታቸው ቀልቶ ብድግ አሉ። "አንተ ሸረፋ! ዓይኑን ያጣው አንሶህ ስሙን ደግሞ ልታጠፋበት ነው? የእኔ ልጅ አይሮጥም! የያዝኩት ሰው እንዳይገድል ብዬ ነው!"

ገባኝ። እሳቸው ማለት የሚችሉት ይህንን ብቻ ነው። ልጃቸው ሲሸሽ ከነበረ ዓይኑን ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ሊገድል ሲል ከነበረ ግን ነፍስ አድነዋል። ገባኝ ማለት ግን አልተናደድኩም ማለት አይደለም።

ሐጂ ሙሀመድአወል እጃቸውን አንስተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። "ልጁ አፍ አለው" አሉ። "ሙባሪክ፣ ልጄ፣ አትፍራ። ትሸሽ ነበር ወይስ ትጋጠም ነበር?"

ሙባሪክ በቀረችው ዓይኑ መጀመሪያ ሸረፋን አየ። ሸረፋ አይዞህ እንደማለት ራሱን ነቀነቀለት። ቀጥሎ አባቱን አየ። በሩ ላይ የቆሙት የባጃጅ ተራ ልጆች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። "ተናገር አንተ ልጅ፣ እውነቱን ተናገር" እያልኩ በልቤ እጮኻለሁ።

"አልሸሸሁም" አለ። "ባይዙኝ ኖሮ አሳየው ነበር።"

በሩ ላይ ያሉት "ወንድ!" አሉ። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ አባቱ አቅፈው ሳሙት። ዑመይርም በእፎይታ ተነስቶ እጁን ዘረጋለት፤ ጠቡ የሁለት ሰው ነው ተብሎ ሁለቱ ተቃቀፉ። ሸረፋ በር ላይ ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ ከእኔ በቀር ማንም አላየውም። ሙባሪክ በጀግኖቹ መሐል ቆሞ ይስቅ ነበር። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።