የጀልበኞቹ ምሳ

ሰው ግብፅ ለትምህርት ይሄዳል፣ ለንግድ ይሄዳል፣ ለስለትም ይሄዳል። እኔ የሄድኩት የማወራው ነገር ፍለጋ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ እዚያው ፈረንጅ አገር፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አፓርትመንት ተጋርቼ እኖር ነበር። ሥራዬ መንገደኛ ወደ ኤርፖርት ማመላለስ ነው። እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ልጅ ወደድኩና፣ ወግ ነውና፣ ወደ አባቷ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ግማሽ መልስ ይዘው ተመለሱ። አባትየው፣ «ልጁ ጨዋ ነው አላችሁኝ፤ ደስ ይለኛል። ግን ከላንድማርክና ከኤርፖርቱ መንገድ ሌላ ምን አይቷል? ልጄን ምን እያወራት ሊኖር ነው?» ብለው ቀጠሮውን ገፉት።

እኔ ደግሞ የሰው ንግግር እንደወረደ የምውጥ ፍጡር ነኝ። ሌላው ቢሆን መጽሐፍ ይገዛል፤ እኔ ትኬት ቆረጥኩ። ግብፅን የመረጥኩት በስደት ሱዳን ሁለት ዓመት ስቀመጥ ጥቂት ዓረብኛ ለቃቅሜ ስለነበር ነው። ፒራሚዱን ሆን ብዬ ተውኩት፤ እሱማ ፖስትካርድ ላይም አለ። ማንም ያላየውን አይቼ እመጣለሁ ብዬ በቀርፋፋ ባቡር አስዋን ድረስ ሄድኩ።

ከወንዙ ማዶ፣ በረሃው ላይ፣ የፈረሰ አሮጌ ገዳም እንዳለ ነገሩኝና ተሻገርኩ። ግመል ሲያቀርቡልኝ «እኔ የተራራ አገር ሰው ነኝ» ብዬ በእግሬ ጀመርኩት። ፎቶው እንዲያምር ኮት ለብሼ አዲስ ጫማ አድርጌአለሁ። አሸዋው ሁለት እርምጃ ስወጣ አንዱን ይመልሰኛል። ገዳሙ ጋ ስደርስ አምላኬን ያመሰገንኩት ስለ ጥንታዊነቱ ሳይሆን ስለ ጥላው ነበር። ውሃዬን መንገድ ላይ ጨርሻለሁ። ዓባይ ከታች ተንጣልሎ እያየሁት ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ስሰማ ያደግኩት ለካ ስለ ራሴ ኖሯል።

ወርጄ ዳርቻው ላይ ስደርስ፣ ዳር በታሰረች ጀልባ ላይ ሦስት ሰዎች ለምሳ ቀርበዋል። ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ መሀል ላይ አንድ የተጠበሰ ዓሣ። በዕድሜ የገፉት ጀልበኛ ቀና ብለው «ተፈደል!» አሉኝ፤ ና ብላ ማለታቸው ነው። ሱዳን ውስጥ እንዲህ ያለህ ሰው እጅህን ጎትቶ ሳያስቀምጥህ አይለቅህም። በእኛ ወግ ደግሞ መጀመሪያ እምቢ ይባላል። ስለዚህ ሆዴን መታ መታ አድርጌ «ጠግቤያለሁ» አልኩና፣ «በሞቴ» የሚለኝን መጠበቅ ያዝኩ። በሞቴ የሚል ጠፋ። ሰዎቹ ወደ ምሳቸው ተመለሱ። እኔ ፈገግ እንዳልኩ ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌው እንደገና ቀና ሲሉ አሁንም እዚያው ነኝ። ምን ያድርጉ? «ተፈደል» አሉ፣ በዝግታ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

በላሁ። ሐበሻ መሆኔን ነገርኳቸውና ውሃውን በጣቴ እያሳየሁ «ይሄ ከእኛ አገር ነው የሚመጣው» አልኩ። ዓሣውንም እኔ የላክሁላቸው ይመስል መሀል መሀሉን አነሳሁ። ከሦስቱ አንዱ፣ ዝምተኛው ጎልማሳ፣ ዓሣውን ሳይነካ እጁን ወንዙ ውስጥ ታጠበ። ቶሎ ጠገበ ብዬ አሰብኩ።

በተመለስኩ በሁለተኛው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ምሳ ተጠራሁ። ታሪኩን ጓደኞቼ ላይ ስለማመድ ሰንብቼ፣ ሁለቱም ገና ስጀምር መነሳት ለምደው ነበር። ገዳሙን ቶሎ አለፍኩትና ዓሣው ላይ ደረስኩ። «ጋሼ፣ እንዴት ያለ እንግዳ ወዳድ ሕዝብ መሰለዎት! ሐበሻ ነኝ ስላቸው ካልበላህ ብለው ሞቱ!» አልኩ።

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ካይሮ አራት ዓመት ተምሬያለሁ» አሉ። ይህን ከሽማግሌዎቹ አንዱም አልነገረኝም።

«ስንት ሰው ነበር ጀልባው ላይ?»

«ሦስት።»

«ዓሣውስ?»

«አንድ።»

«እዚያ አገር የጀልበኛ ግብዣ የሚሉት ነገር አለ። ጀልበኛው ውሃ መሀል ሆኖ ዳር የቆመውን ሰው ና ብላ ይለዋል። ሊመጣ እንደማይችል ያውቃል። ጀልባው ዳር ቢታሰርም ልማዱ ያው ነው፤ ሰላምታ ነው እንጂ ጥሪ አይደለም።»

«ኦ ማይ ጋድ! ሪሊ ገብተህ በላህባቸው?» አለች ልጅቷ፤ ሳቋን ይዛ ወደ ኪችን ሮጠች። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ልጅቷን አጣኋት ብዬ መደንገጥ ነበረብኝ። ለእኔ የታየኝ ግን እጁን የታጠበው ሰው ነው። ሳይጠግብ ነው የታጠበው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ጋሼ፣ አንደኛው ዓሣውን ሳይቀምስ ነው የተነሳው» አልኩ። «ድርሻውን በልቼበታለሁ።»

«ይህን ያየኸው መቼ ነው?»

«አሁን።»

«ዘግይተሃል» አሉ። እንጀራቸውን ቆረሱና «ቢሆንም አይተሃል» ብለው ጨመሩ።

እናትየው ዶሮ ወጡን ሊጨምሩልኝ ሲሉ እምቢ አልኩ። ዕድሜ ልኬን እምቢ ስል ኖሬ የምሬን እምቢ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። «በሞቴ!» አሉኝ፤ እጄን ሰበሰብኩ። አባትየው ከፊታቸው ያለችውን አንዲት የራሳቸውን ዕንቁላል አነሱና በእኔ በኩል አስቀመጧት።

«ብላ» አሉ። «እዚህ ቤት የጀልበኛ ግብዣ የለም። ሽማግሌዎችህንም ለቅዳሜ መልሰህ ላካቸው።»

ሁለተኛ እስኪሉኝ አልጠበቅኩም።