የሦስተኛ ክፍል አሜን

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። ሀዋሳ ውስጥ ከሹም እስከ ዘበኛ ያልተገመገመ አልነበረም፤ የተረፉት የሐይቁ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ ብቻ ናቸው። እኔ ደግሞ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከክፍል ክፍል እየዞርኩ አዳዲስ መምህራንን እደግፍ ነበር። መደገፍ ማለት ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበትን ከአገጭ አስጠግቶ ከኋላ መቀመጥ ነው።

በዚያ ዓመት ከደገፍኳቸው አንዷ ከቱላ የምትመላለስ ወጣት የሳይንስ መምህርት ነበረች። የሦስተኛ ክፍል ልጆቿ በመጀመሪያው ፈተና ወድቀውባታል። የሙከራ ጊዜዋ እያለቀ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ዓርብ ክፍሏን አይተው ትቆይ ወይም ትሂድ ሊሉ ነው።

ችግሯ ገና ገብቼ ስቀመጥ ታወቀኝ። አስረድታ ስታበቃ «ገባችሁ?» ትላለች። ልጆቹ በአንድ አፍ «አሜን!» ይላሉ። መናኸሪያ የቆመ አውቶቡስ ያለ ቁልፍ የሚያስነሳ አሜን ነው። ጠዋት ጸሎት ላይ አሜን፣ ምሳ ሲባረክ አሜን፤ አፋቸው ስለለመደ ሳይንሱም ላይ አሜን።

በእረፍት ሰዓት ጠራኋትና «ቲቸር፣ ገብቷቸዋል?» አልኳት።

«አሜን እያሉ እኮ ነው።»

«አሜን ማለትና መግባት አንድ ነው?»

«እርስዎ ባለፈው እሁድ ስብከቱ ላይ እያንቀላፉ አሜን ሲሉ ሰምቻለሁ። ገብቶዎት ነበር?»

ወዲያው ወደ ሙያዊ ድጋፌ ተሻገርኩ፤ «አሜኑን ከልክያቸው» አልኳት።

«በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት? ጋሼ፣ ዓርብ እስኪደርስ እንኳ ሊያቆዩኝ አልፈለጉም ማለት ነው» ብላኝ ሄደች።

ዓርብ ርዕሰ መምህሩ መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም ናቸው፤ ሰውነታቸው ደግሞ የሁለት ሽማግሌ ነው። ከጎኔ ሲቀመጡ ትንሿ ወንበር አቃሰተች። መምህርቷ ስለ ተክል አስተማረች፤ ስለ ሥር፣ ስለ ግንድ፣ ስለ ቅጠል። መጨረሻ ላይ ፊቷ ሳይለወጥ፣

«ስለዚህ ተክል ያለ ፀሐይ ብርሃን በደንብ ያድጋል። ገባችሁ?» አለች።

«አሜን!» አለ ክፍሉ። ከጎኔም አንድ ወፍራም «አሜን» ተሰማ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ጫማዬ ክር የለውም።

መምህርቷ ቁም ሳጥኑን ከፍታ አንድ ጣሳ አወጣች። ጣሳው ላይ ጨለማ ውስጥ የከረመ ባቄላ በቅሏል፤ ገርጥቶ፣ እንደ ክር ቀጥኖ፣ አንገቱን ደፍቷል። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ አረንጓዴውን አምጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ይሄ የገረጣው፣ አሜን ያላችሁለት ነው።»

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አሜን መመለስ ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን ለምን እንደመለስሽው ትነግሪናለሽ።»

ልጅቷ ተነሥታ ቅጠል ያለ ፀሐይ ምግብ መሥራት እንደማይችል ተናገረች። ሌላው አረማት፣ ሦስተኛው ውሃውን ረሳችሁ አለ፤ ክፍሉ ገበያ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን ከገረጣው ባቄላ ላይ አላነሡም።

ደወሉ ሲደወል በሩ ላይ ቆሙና «የሙከራ ጊዜሽ አልቋል» አሏት። እሷም እኔም ከባቄላው ብሰን ገረጣን።

«ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ። ያንን ጣሳ ግን እሁድ ስብከት ላይ ይዘሽብን እንዳትመጪ።»

አሜን ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ተወችውና «እሺ፣ ጋሼ» አለች።