በርቷል በይው

ባሌን የሰፈሩ ሰው «አፈ ማር» ይለዋል። እውነታቸውን ነው። እሱ መሃል ከገባ የተጣሉ ጎረቤቶች ይታረቃሉ፤ ቪዲዮዋ የዘገየባት የሙሽራ እናት ልትሳደብ መጥታ መርቃው ትሄዳለች። ሥራው የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። መኝታ ቤታችን ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሰው ደስታ ሲቆርጥና ሲቀጥል ይውላል። ለአገር ሁሉ የሚበቃ አፍ ያለው ይህ ሰው፣ ለታላቅ ወንድሙ ሲሆን ግን አንዲት ቃል አጥቶ ዓመታት አሳልፏል።

ታላቅ ወንድሙን እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ድሮ እሱም ጋሼ ይላቸው ነበር፤ አሁን «ሰውዬው» ሆነዋል። አብረው የጥገና ሱቅ ነበራቸው። ጋሼ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠው ቴሌቪዥንና ራዲዮ ይጠግናሉ፣ ባሌ ከፊት ቆሞ ደንበኛ ያስተናግዳል። አንድ ቀን ከእነሱ ሱቅ ተጠግኖ የወጣ ቴሌቪዥን በባለቤቱ ሳሎን ተቀጣጠለ። ሰው ባይጎዳም ግድግዳው ጠቆረ፣ ባለቤቱም ሱቁ ድረስ እየጮኸ መጣ። ወንድማማቾቹ በዚያው ተለያዩ፣ ሱቁም ተዘጋ። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም። ባሌን ስጠይቀው «ተዪው፣ ግትር ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ጋሼን አልተውኳቸውም። አልፎ አልፎ እደውልላቸዋለሁ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁኛል፣ ስለ ወገባቸው እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ባሌ አንጫወትም። ቢሆንም መስመሩ እስካልተቆረጠ ድረስ አንድ ቀን ይታረቃሉ የሚል ተስፋ ነበረኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የባሌ የኮምፒውተር ሞኒተር አልነሳም አለ። ቁልፉን ሲጫነው መብራቷ ብልጭ ትልና ድርግም ትላለች፤ ጆሮ ሲሰጡት ከውስጡ ቲክ፣ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባሌ ገመዱን ቀየረ፣ ሶኬቱን ቀየረ፣ በመጨረሻም ጀርባውን በጥፊ አለው። ጥፊውም አልሠራም። የሰፈራችን ጠጋኝ መጥቶ ገና ሳይከፍተው «ፓወር ቦርዱ ሄዷል፣ ጣሉትና አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ። ፓወር ቦርድ የሚባለው ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለሞኒተሩ በልኩ የሚሰጠው ሰሌዳ ነው። አዲስ መግዛት በዚያ ሰሞን የማይታሰብ ነበር፤ ቪዲዮዋ የዘገየባት አንዲት የሙሽራ እናት ደግሞ ሰኞ ልወስድ እመጣለሁ ብላለች።

«ለጋሼ ልደውል» አልኩት።

«ደውዪ። እኔ ግን አላናግረውም።»

ደወልኩ። ጋሼ የሆነውን ሁሉ በጥሞና ሰሙኝና «የሚከፍተው እሱ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው እህት ዓለም፣ እኔ ላንቺ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ለእሱ ትነግሪዋለሽ። ከእሱ ጋር ወሬ የለኝም።»

ባሌ የእጅ ባትሪ እንድይዝለት ስላዘዘኝ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እንግዲህ ጉድ በሉ።

«ከሶኬት ነቅሎታል ወይ በይው።»

«ነቅለኸዋል ወይ ይሉሃል።»

«ነቅያለሁ በይው።»

«ነቅያለሁ ይላል፣ ጋሼ።»

አንዱ ሌላውን ይሰማል! ጋሼ ሲያስሉ ባሌ ይሰማል፤ ባሌ ሲያጉረመርም ጋሼ ይሰማሉ። ግን በእኔ አፍ ካላለፈ አልተባለም ማለት ነው። ሁለት ሽበታም ወንዶች እኔን መሃል አስገብተው እንደ ሕፃን ይጫወታሉ። ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ።

ባሌ ብሎኖቹን ፈትቶ የጀርባውን ሽፋን በስንት ግብግብ አነሳው። እጁን ወደ ውስጥ ሲሰድ ጋሼ እንዳዩት ሁሉ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«እጁን እንዳያስገባ! አንድ እንደ በርሜል የቆመ ትልቅ ካፓሲተር አለ፣ እሱን እንዳይነካ በይው። ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።»

«ከተነቀለ ምን ይይዛል?» አለ ባሌ፣ ለእኔ በሚመስል ለእሳቸው በሚሆን ድምፅ። «ይሄን ለማወቅ ደግሞ እሱ አያስፈልግም።»

ጋሼ ወደ ሥራው ገቡ። አምፖል ከነማቀፊያውና ከነሽቦው እንድናመጣ፣ የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ እንድናስነካ፣ የባሌ ጣት የተላጠውን ሽቦ እንዳይነካ ነገሩኝ። ደገሙት፣ ሠለሱት። ባሌ እያጉረመረመ አስነካው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ጠፋ። የባሌ ፊት አመድ መሰለ፤ ያ ሁሉ በጣቱ ሊገባ ነበር።

«በራ?» አሉ ጋሼ።

«በራና ጠፋ፣ ጋሼ።»

«ተመስገን» አሉ፣ በረጅሙ ተንፍሰው። እውነቴን ነው፣ ያን ትንፋሽ ስሰማ ሆዴ ባባ። ሰው ለጠላው ሰው እንዲህ አይሰጋም። ዛሬ ይታረቃሉ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። ባሌ ፊውዙን በቴስተር ነካው፣ ቴስተሩ ጮኸ፤ ደህና ነው ማለት ነው። «አሁን የትንንሾቹን ካፓሲተሮች አናት ይይ። ለጥ ያለ መሆን አለበት» አሉ። ባትሪውን አስጠጋሁ። ሁለቱ አናታቸው አብጧል፣ የአንዱም ሥር ቡናማ ነገር አንጠባጥቧል። ለጋሼ ስነግራቸው «እነሱ ናቸው ጥፋተኞቹ» አሉ።

ባሌ ፊቱ ፈካ። «ከድሮው ሱቅ የተረፈ ቦርድ ጓዳ አለ። ከዚያ ነቅዬ አስገባለሁ በይው።»

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። 

«ንገሪው» አሉ፣ ሌላ ሰው በሆነ ድምፅ። «ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ እንዳያስገባ። ለምን እንደሆነ ያውቃል።»

ባሌ እንድነግረው አልጠበቀም። በካፓሲተሮቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ መዳፉ ላይ ገለበጠ፣ ኮቱን ደረበ፣ መለዋወጫ ልግዛ ብሎ ወጣ። ዓይኔን አላየኝም።

በሩ ሲዘጋ «ጋሼ፣ ብቻዬን ነኝ። ምንድን ነው የሚያውቀው?» አልኳቸው።

መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ተዪው አሉ። አልተውኳቸውም። በኋላ ነገሩኝ። ያን የተቃጠለ ቴሌቪዥን ሲጠግኑ አዲስ ካፓሲተር አልነበራቸውም። ገበያ ወጥቼ ላምጣ ሲሉ ባሌ መጋረጃውን ገልጦ «ሰውየው ቆሟል፣ ከአሮጌው ነቅለህ አስገባና እንገላገል» አላቸው። አስገቡ።

«አልሸሽግሽም፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ» አሉ። «ሰውየው ሲጮህ ግን ባልሽ ምን አለ መሰለሽ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹እኔ የለሁበትም፣ የሠራው እሱ ነው፣ እሱን ጠይቁት› አለ። ሰውየው እንደ ሌባ አንገቴን ይዞ ጎተተኝ። ወንድሜ ቆሞ ያያል። ከዚያ ወዲያ ማን ዕቃ ያምነኛል? ከማን ጋርስ ሱቅ እከፍታለሁ?»

ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቼ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ካሳ አልፈልግም» አሉ። «አጥፍቻለሁ ይበለኝ። እሷን ብቻ። ካለኝ ነገ ቤታችሁ መጥቼ እበላለሁ።»

ባሌ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ያሉትን ሁሉ ነገርኩት። አልካደም። አፈ ማሩ ሰውዬ ገዝቶ ያመጣውን ካፓሲተር በወረቀቱ እንደተጠቀለለ እያሻሸ ቆመና «መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ» አለ። እሺ፣ ይጨርስ አልኩ። ሲበራ ደስ ይለዋል፣ ደስ ሲለው አፉ ይፈታል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

እንደገና ደወልኩ። ባሌ ብየዳ አልተማረም፤ ከሱቁ የተረፈውን የብየዳ ካውያ እንደ ማንኪያ ጨብጦታል። ጋሼ በእኔ በኩል እያስተማሩት አሮጌዎቹን ነቀለ። «ነጭ መስመር ያለበት እግር ሰሌዳው ላይ ወደተቀባው ግማሽ ክብ ይግባ በይው። ከተገለበጠ ይፈነዳል።» አስገባ፣ በየደ፣ ጋሼ እንደገና ይየው አሉ፣ እንደገና አየው። ሽፋኑን ገጠመና ሶኬቱን ሰካ።

መብራቷ ብልጭ አለች።  መብራቷ አልጠፋችም። ስክሪኑ ነጣ፣ ከዚያ ሙሽሪት ጥርሷን ብልጭ እንዳደረገች ብቅ አለች።

ባሌ ሳቀ። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞረ። ከንፈሩ ተላቀቀ። አየሁት፣ እምላለሁ፣ ቃሏ አፉ ላይ ደርሳ ነበር።

«ንገሪው...» አለ።

ጠበቅኩት። ስልኩ ውስጥም አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

«ንገሪው፣ በርቷል በይው።»

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላ ምን አለ?»

ከጠዋት ጀምሮ የተባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ሳደርስ ውያለሁ። ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈላ። ጎንበስ ብዬ «ጋሼ፣ በርቷል ይላል» አልኩ። «ደግሞም አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ ይላል።»

ባሌ ደንግጦ አየኝ። አዎ ቢል፣ እንኳን አዎ፣ እህ ቢል ይበቃ ነበር። ብሎን መፍቻውን አንስቶ የጠበቀውን ብሎን መልሶ ማጥበቅ ጀመረ።

ጋሼ ብዙ ቆዩ። ጊዜ እየሰጡት እንደነበር አሁን ይገባኛል።

«እህት ዓለም» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «እሱ ሲናገር እኮ እሰማለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እየሰማሁት ነው። ይህን ያልሽው አንቺ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ።» ዘጉት።

ባሌ ላይ የቀረኝን ሁሉ አወረድኩበት፤ ፈሪ አልኩት፣ ከዚህም የባሰ አልኩት። እሱም «በግድ ነው እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። ሰኞ የሙሽራዋ እናት መጣች፣ መርቃው ሄደች።

እኔ ለጋሼ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አያነሱም። ተቀየሙኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ከዕለታት በኋላ ራሳቸው ደወሉ።

«አልተቀየምኩሽም» አሉኝ። «ግን ልንገርሽ። ስልኩ ጠርቶ ያንቺን ቁጥር ሳይ፣ ይኸው ሊናገር ነው እያልኩ ልቤ ይመታል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲመታ እንደኖረ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አርጅቻለሁ፣ አልችለውም። ልጆቹን ሳሚልኝ። ከእንግዲህ አትደውዪልኝ፣ እህቴ።»

ስልኩን እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ባሌ ጠረጴዛው ላይ ሠርግ እየቆረጠ ነበር።

«ማን ነው?» አለኝ፣ ሳይዞር።

«ወንድምህ።»

እጁ ቆመ። «ምን አለ?»

«ደውለህ ጠይቀው» አልኩት።

የሠርጉን ሙዚቃ ከፍ አደረገው።