የማላውቃቸው ሴትዮ ለቅሶ

ልደታን ዓይኔን ጨፍኜ እዞራታለሁ ባይ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ አባቱ ሞተውበት ለቅሶ ልደርስ እዚያው ልደታ፣ አብነት ሰፈር ስሄድም ቤቱን ማንንም አልጠየቅኩም። ድንኳን ካየሁ ሌላ ምን ምልክት ያስፈልገኛል? አንገቴን ደፍቼ ገባሁና ተቀመጥኩ።

ንፍሮዬን ቅሜ ቀና ስል ጠረጴዛው ላይ ያለው ፎቶ የሴት ነው። ባልደረባዬም የለም። ድንኳኑ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ንፍሮ የሚያዞር ጎልማሳና እኔ። ቀስ ብዬ ልነሳ ስል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ።

«ባለቤቴን በምን ታውቃታለህ ልጄ?»

እኔ መቼም መልስ አላጣም። «በደግነታቸው ነዋ!» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ባለቤታቸው ዝናብ ሲመጣ የጎረቤቱን ሁሉ ልብስ ከገመድ ላይ እየለቀሙ ያስገቡ እንደነበር አጫወቱኝ። «ሰፈራችን ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ። ማን ያስታውሳታል ብዬ ነበር፤ እናንተ መጣችሁልኝ» አሉ። ከዚህ በኋላ እንዴት ብዬ ልነሳ? አንድ ሰዓት ሙሉ እጄን እንደያዙኝ አወሩ።

በመጨረሻ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ስወጣ ጎልማሳው ሊሸኘኝ ተከተለኝ። ሽር ጉድ ሲል ስላየሁት የቤቱ ታላቅ ልጅ ነው ብያለሁ። ደጅ ላይ ግን ህሊናዬ እምቢ አለኝ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እኔ እኮ ተሳስቼ ነው የገባሁት» አልኩት።

ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይዞህ፣ እኔም ትናንት ተሳስቼ ነው የገባሁት።»