ያልገባችው ጎል

የምቀናባቸው ሰው ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ካልሲያቸውን የማጠልቅላቸው እኔ ነኝ።

ጡረታ የወጡ ህንዳዊ መሐንዲስ ናቸው፤ ሊትልተን ከተማ ውስጥ ከልጃቸውና ከልጃቸው ሚስት ጋር ይኖራሉ። እኔ የሆም ኬር ሠራተኛ ነኝ። በሳምንት አምስት ቀን ማለዳ ከምኖርበት ከኦሮራ ተነሥቼ እሄድና አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ቁርሳቸውን አቀርባለሁ፤ ከምሳ በኋላ እወጣለሁ። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። የምቀናው በቤታቸው አይደለም፣ ልጃቸው አጠገባቸው ስላለም አይደለም። የምቀናው በኳስ ቡድናቸው ነው።

ቡድናቸው ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። አያታቸው ለመጀመሪያው የተመልካች መቀመጫ ቀርከሃ ተሸክመዋል። አባታቸው ያለ ደመወዝ የቡድኑን ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረዋል። እሳቸው ደግሞ በተማሪነታቸው ለትኬት ዝናብ ውስጥ የተሰለፉበትን ቀን ከፊታቸው እስከቆመው ሰው ጃንጥላ ቀለም ድረስ ያስታውሳሉ። ይህን ሁሉ ለልጅ ልጆቻቸው ብለው በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይጽፋሉ፤ የጻፉትን ደግሞ ፂማቸውን ስላጭ በቃላቸው ይነግሩኛል። «እንግሊዝ ሄደ፣ አገር ለሁለት ተከፈለ፣ የከተማችን ስም እንኳ ተለወጠ» ይላሉ፤ «የቡድናችን ስምና የመለያው ቀለም ግን ያው ነው።» እዚህ ላይ ሲደርሱ ምላጩን ከጉንጫቸው አነሣለሁ። እጄን አላምነውም።

እነሱ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ቡድናቸው ሲያሸንፍ ዓሳ ይበላል፤ የከተማው ተቀናቃኝ ሲያሸንፍ ደግሞ የዚያኛው ደጋፊዎች ሽሪምፕ የሚሉትን ባለ ብዙ እግር የባሕር ፍጥረት ይበላሉ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሽሪምፕ እበላ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ትከለክላለች አልኳቸው። «በቃ፣ አንተ የኛ ነህ» ብለው እጄን ጨበጡ። እንዲህ አድርጌ ደጋፊ ሆንኩ። የነሱ ማታ የኛ ጠዋት ስለሆነ፣ ጨዋታ ባለ ቀን ታብሌቱን ከአጃ ገንፏቸው ጎን አቆምላቸዋለሁ። ዓሳውን ሃቫና መንገድ ላይ ካለው የእስያ ገበያ የምገዛውም እኔ ነኝ፤ ፍሪዘር ውስጥ ተኝቶ ድል ይጠብቃል። ካሸነፉ የልጃቸው ሚስት ትሠራዋለች፤ ጭንቅላቱም በዕለቱ ሊከበር ለሚገባው ሰው ይቀርባል። በተከታታይ ሲሸነፉ ዓሳው በረዶ ያበቅላል። እንደዚያ ያለ ሰሞን ሚስቴ «ዛሬም ተሸንፈዋል መሰለኝ፣ ፊትህ ፈክቷል» ትለኛለች። ተሳስታ አታውቅም።

እኔም ቡድን ነበረኝ። አገር ቤት የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን የግራ ተመላላሽ ነበርኩ። መለያችን የሚሰፋው ፋብሪካው ከተረፈው ጨርቅ ስለነበር አንድ ዓመት አረንጓዴ፣ አንድ ዓመት ቡናማ፣ አንዴም አበባ ያለበት የአልጋ ልብስ ለብሰን ወጥተናል። ስማችን ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ አዲስ ሥራ አስኪያጅ በመጣ ቁጥር አዲስ ማኅተም ይቀረጽ ነበር። ፋብሪካው ሲሸጥ ቡድኑ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ የለም። ሜዳው ዛሬ የኮንቴይነር ማስቀመጫ ነው ይላሉ። ስልኬ ላይ ስሙን ጽፌ ፈልጌ አውቃለሁ፤ የመጋረጃ ሱቆች መጡልኝ። ዋንጫ አልበላንም። አንዴ ብቻ ለክፍለ ሀገሩ ፍጻሜ ደርሰን፣ ባዶ ለባዶ ሳለን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፤ እኔ መትቼ ከአግዳሚው በላይ ሰደድኳት። ወዲያው አገቡብንና አለቀ።

አንድ ቀን ሽማግሌው የራሳቸውን ዋንጫዎች ቆጥረው ሲያበቁ፣ እንግዳን ውሃ ልስጥህ ወይ እንደሚሉት ባለ ድምፅ፣ «የናንተስ ቡድን አንድ ነገር አሸንፎ ያውቃል?» አሉኝ። እርር አልኩ። ከማን አንሼ ነው? ዋንጫ በልተናል አልኳቸው። ጎሉን ማን አገባ? አሉ። እኔ፣ በፔናሊቲ አልኩ። ደብተሩን ገልብጠው ከኋላ በኩል አዲስ ገጽ ጀመሩ፤ ራስጌውም ላይ ስሜን ጻፉ። በሚቀጥለው ድል የዓሳው ጭንቅላት እኔ ሳህን ላይ ተቀመጠ። የዓሳ ጭንቅላት አልወድም። ዓይኑ ያየኛል። ግን አጥንቱን ሳይቀር ጠባሁት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ግን እያደር ከበደ። ሽማግሌው መሐንዲስ ናቸውና ነፋሱ በየት በኩል ነበር፣ በረኛው ምን ያህል ይረዝም ነበር እያሉ ይጠይቃሉ። እኔም የፋብሪካውን ማርሽ ባንድ ጨመርኩ፣ በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ ከተማውን መዞሬን ጨመርኩ። በመጨረሻ «ታሪክ በአንድ ሰው ቃል አይጻፍም» አሉ። «አብሮህ የተጫወተ ሰው እዚህ የለም?» የለም ማለት ሲገባኝ አፌ ቀደመኝ። አለ አልኩ።

ያለው ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያለው ኤርትራዊ ነው፤ የቡድናችን የቀኝ ክንፍ ነበር። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ኦሮራ ላይ ከተገናኘን ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር እንጠራራለን፤ ስለዚያ ፍጻሜ ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሱቁ ስሄድ ምስር በላስቲክ እያሸገ ነበር።

«አንድ ነገር ከቨር ታደርግልኛለህ?» አልኩት።

«ሺፍት ነው?»

«ውሸት ነው።»

ሁሉንም ነገርኩት። ማሸጉን አላቆመም።

«ፔናሊቲዋን አገባኋት ብለህ ነው?» አለ።

«አዎ።»

«እሺ። መንደይ ልጄ ስቶሩን ትይዝልኛለች። መጥተህ ፒክ አድርገኝ።»

ሰኞ ሽማግሌው ክራባት እንዳስርላቸው ጠየቁኝ፤ ለእኔ ክራባት አስረው አያውቁም። ጓደኛዬ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ብስኩት አነሣ። «እሱ ሲያገባ አንተም ሜዳው ላይ ነበርክ ማለት ነው» አሉት ብዕራቸውን ከፍተው። ጓደኛዬ እኔን አየኝ፣ ደብተሩን አየ። አሁን ይዋሽልኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ያገባሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

ከዚያ ተረከላቸው። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ፤ በረኛው ወደ ግራ ሲወድቅ ኳሷ በቀኝ በኩል ሣሩን እየላሰች ሄዳ ቋሚውን ነክታ ገባች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። እኔ ስንት ወር ስተርክላቸው አንድ ቀን ጨፍነው አያውቁም። ባልነበረች ጎል ቀናሁ። የራሴን ውሸት ከእኔ አሳምሮ ዋሸብኝ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ጎል ሁለት አግቢ የለውም» አሉ ሳይቆጡ። «አስባችሁ ንገሩኝ።»

መኪናዬ 225 አውራ ጎዳና ላይ እስክትወጣ አፌን ያዝኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ያልነበረች ጎል ለምን ትቀማኛለህ?»

«ቀማኛው ማን ነው?» አለ በመስኮቱ እያየ። «ያን ቀን መቺው ማን ነበር?»

ከላይ «እኔ መትቼ ሰደድኳት» ስል ለእናንተም የዘለልኩት ይህን ነው። የቡድኑ ፔናሊቲ መቺ እሱ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አልሳተም። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ፣ እሱም ኳሷን ነጥቡ ላይ ሊያስቀምጥ ሲያጎነብስ፣ ከእጁ ላይ ነጠቅኳት። የኔን ስም ማንም ጠርቶት አያውቅም፤ የግራ ተመላላሽን ማን ይጠራል? አንድ ጊዜ እንዲጠሩኝ ፈለግሁ። ከሳትኩ በኋላ በደንብ ጠሩኝ፤ ለወራት ገበያ በወጣሁ ቁጥር።

«ይኸን ሁሉ ዓመት በሕልሜ ሳገባት ነው የኖርኩት» አለ። «ዛሬ ሰው ፊት አገባኋት። በል ኤግዚታችንን ሚስ እንዳታደርግ።»

ሐሙስ የሽማግሌው ቡድን አሸነፈ። ዓሳው ከፍሪዘር ወጣ። እሳቸው ደብተሩን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። ማንም አላገባም ብል እውነቱ ይወጣ ነበር፤ ግን ከእኔ ጋር እሱም ባዶ እጁን ይቀራል፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁንም በእኔ ምክንያት። እኔ ነኝ ብል ደግሞ ያምኑኝ ነበር፤ በየቀኑ አጠገባቸው ያለሁት እኔ ነኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሱ ነው ያገባው» አልኩ።

ስሜን ሰርዘው የእሱን ጻፉ፤ መስመሩን ያሰመሩት በማስመሪያ ነው። ምሳ ሲቀርብ ጭንቅላቱ ወደ እኔ አልመጣም። የልጃቸው ሚስት ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋ «ለጓደኛህ» ብላ ሰጠችኝ።

ሱቁ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ገባሁ። ጓደኛዬ ክዳኑን ከፍቶ ዓሳውን አየው፣ ዓሳውም አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ላገባ ሰው የሚሰጥ ነው» አልኩት። «ደብተሩ ላይ ያለኸው አንተ ነህ።»

እጁን ታጥቦ መጣና ባንኮው ጋ ቆሞ መብላት ጀመረ። ጉንጩን በላ፣ ዓይኑን በላ፣ እያንዳንዷን አጥንት አንድ በአንድ ጠባ። እኔ ከባንኮው ወዲህ ቆሜ፣ ለዚያ ለማልወደው ጭንቅላት ምራቄን ዋጥኩ። ይኸን ሁሉ ዓመት ስንተዋወቅ እኔ ፊት ውሃ እንኳ ለብቻው ጠጥቶ የማያውቅ ሰው፣ እንብላ ሳይለኝ ጨረሰው።